ግጥሙ ከመኪና ወጣ፤ ባለቤቱ ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ ምሽት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍና ዲጂታል ግጥም» የሚል ነው። ርእሱ ለጆሮ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን ከደጃችን ደርሷል። እንዴት እንደ ደረሰ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ለዚህ መጽሔት የሚላኩትን ጽሑፎች የምናነብ አምስት ተማሪዎች ነን። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ አንዲት እናት እጆች የተገጠመ አርባ ስንኝ ግጥም ደረሰን። በየስንኙ ቤት ይመታል፤ ልኩ አይዛነፍም፤ ከመካከላችን አንደኛዋ አንብባ ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። ልጁን ጠርተን ብናመሰግነው ፊቱ ቀላና እውነቱን ተናገረ፤ ግጥሙን የጻፈው ኮምፒዩተር ነው፤ እሱ የሰጠው የሁለት መስመር ትእዛዝ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱ «ይጣል» አሉ። ሁለቱ ደግሞ «ያማረ ግጥም ከየትም ይምጣ ከየት፤ ይታተም» አሉ። አምስተኛው እኔ ነበርሁ። ላስብበት ብዬ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ጊዜ የጠየቀ ሰው ደግሞ ንግግር ይታዘዝበታልና ይኸው ቆሜአለሁ።

ወደ ነገሩ ስገባ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ ያልሆነውን እንለይ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በስልክ ላይ ማንበብ ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። መጽሐፉ ልብሱን ለወጠ እንጂ ሰውነቱ ያው ነው። ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ የሚባለው ያለ መኪናው ሊኖር የማይችለው፣ በወረቀት ቢታተም አንድ ነገር የሚሞትበት ሥራ ነው። ይህን ዓይነቱን ሥራ የሚሰበስብና የሚያጠና ድርጅት በአሜሪካ በ1999 ተቋቁሟል፤ በ2006ም የመጀመሪያውን የሥራዎች ስብስብ አውጥቷል። ብዙ ሰው ነገሩ የትናንት ፈጠራ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ዕድሜው ግን ከብዙዎቻችን ወላጆች ዕድሜ ይበልጣል።

በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፌራንቲ ማርክ 1 የተባለ ኮምፒዩተር በ1951 ተተከለ። በ1952 ክሪስቶፈር ስትሬቺ የተባለው ሰው ይህን መኪና የፍቅር ደብዳቤ እንዲጽፍ አደረገው። ዘዴው ሲነገር ያስቃል። የስም ዝርዝር አለ፤ የቅጽል ዝርዝር አለ፤ የግሥና የተውሳከ ግሥ ዝርዝር አለ። መኪናው ዕጣ እየጣለ ከየዝርዝሩ አንዳንድ ቃል ያነሣና «የእኔ እንዲህ ያለው እንዲህ የአንቺን እንዲህ ያለውን እንዲህ ያደርጋል» በሚል መልክ ይደረድረዋል። በመጨረሻም ደብዳቤውን በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ስም ይፈርማል። ስትሬቺ በ1954 ስለዚህ ሲጽፍ ያስደነቀው የደብዳቤው ውበት አልነበረም፤ ደብዳቤው አስቂኝ መሆኑን ያውቃል። ያስደነቀው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ዘዴ ያን ያህል ብዙ ዓይነት ደብዳቤ መውጣቱ ነው። ኖአ ዋርድሪፕ-ፍሩይን የተባለው አሜሪካዊ ሐያሲም በኋላ እንዳሳየው፣ በዚህ ሥራ ሊነበብ የሚገባው ከመኪናው የሚወጣው ደብዳቤ ሳይሆን ዘዴው ራሱ ነው። ዘዴው በሰዎች የፍቅር ደብዳቤ ላይ ይሳለቃል። ለመሆኑ ከመካከላችን ስንቱ ነው ደብዳቤ ሲጽፍ ከዝርዝር ያላነሣ?

እኔና የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ይህንኑ በአማርኛ ልንሞክር ባለፈው ቅዳሜ ማታ ተቀመጥን። ኮምፒዩተር አላስፈለገንም፤ ወረቀት ቆራርጠን ቃላቱን ጻፍንና በቆብ ውስጥ ጨመርን። ለመክፈቻ «ዓለሜ»፣ «ሆዴ»፣ «የዓይኔ ብርሃን» የሚሉትን አዘጋጀን። የመጀመሪያው ዕጣ «ነፍሴ ይጠብቃል» ሆኖ ወጣ! እንግሊዝኛው በእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚሳካለት ግሡ ለወንድም ለሴትም ስለማይለወጥና ቃላቱ እንደ ጡብ ስለሚደረደሩ ነው። የእኛ ግሥ ግን ማን እንደ ሠራው፣ በማን ላይ እንደ ሠራው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ ሁሉን በአንድ ቃል ውስጥ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቆቡን ለሁለት ከፈልን፤ አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት ሆነ። ከዚያ «ን» የምትባለው የተሳቢ ምልክት ከማን ላይ እንደምትወድቅ ስንከራከር እኩለ ሌሊት ሆነ። በተጨማሪም የስትሬቺ ጨዋታ ሳቁ ያለው በተውሳከ ግሦቹ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ከነ «ቶሎ»ና «ክፉኛ» ወዲያ ብዙ እውነተኛ ተውሳከ ግሥ የለውም። ከዚያ ሌሊት የተማርሁት ይህ ነው፤ መኪናው ይገጥማል የሚባለው አንድ ሰው አስቀድሞ ቋንቋውን አጥንቶ፣ ከፋፍሎ፣ ምን ከምን እንደሚጋጠም ስለ ወሰነለት ነው። ያ ሰው ደራሲ ነው ወይስ አይደለም? የክርክሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

በ1959 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ቴዎ ሉትስ የተባለ ተማሪ፣ አዎን፣ እንደ እኛ ተማሪ፣ ፈላስፋው ማክስ ቤንዘ ባቀረበለት ሐሳብ ዙዘ 22 የተባለውን ኮምፒዩተር ሌላ ዓይነት ነገር አሠራው። ፍራንዝ ካፍካ ከጻፈው «ቤተ መንግሥቱ» ከተባለው ልብ ወለድ 16 ስሞችንና 16 ተሳቢዎችን ወሰደ። ከስሞቹ መካከል ባላባቱ፣ እንግዳው፣ መንደሩ፣ ማማው፣ ገበሬው፣ ሎሌው ይገኛሉ። እያንዳንዱን ስም «አንድ»፣ «ምንም»፣ «ሁሉም»፣ «ሁሉም አይደለም» ከሚሉት ከአራቱ በአንዱ አስጀመረው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ 4 ጊዜ 16፣ ይህም ጊዜ 16፣ 1,024 ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ሁለት ሁለቱ ሲጣመሩ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ውጤቱ የካፍካን ድምፅ ያሰማል፤ ነገር ግን ካፍካ ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አንዱንም አልጻፈም። ሉትስም አልጻፋቸውም። መኪናው ደግሞ መንደር ምን እንደ ሆነ አያውቅም። በሰዋስዋችን «ባለቤት» የምንለው ድርጊቱን የሚፈጽመውን ነው። የሉትስ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ባለቤት አለው፤ ጽሑፉ ግን ባለቤቱን ይፈልጋል።

ያስጨነቀኝ ግን የሦስተኛው ሰው፣ የኢጣሊያዊው የናኒ ባለስትሪኒ ሥራ ነው። በ1961 በሚላኖ፣ በአይ ቢ ኤም 7070 ኮምፒዩተር ከሦስት ጽሑፎች የተቆራረጡ ሐረጎችን አደባልቆ ግጥም አወጣ። ከሦስቱ አንዱ የቻይናዊው የላኦ ዙ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የፖል ጎልድዊን ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው የዶክተር ሚቺሂኮ ሐቺያ የሂሮሺማ የዕለት ማስታወሻ ነው። ሐቺያ በሂሮሺማ የአንድ ሆስፒታል ኃላፊ ነበር። በነሐሴ 6 ቀን 1945 ቦምቡ ሲወድቅ እሱ ራሱ ቆስሎ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስለሚሞቱት በሽተኞቹ ጻፈ። እንግዲህ ይህ ሰው በቁስሉ ላይ ሆኖ የጻፈው ሐረግ በመኪና ተበጥሶ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሲቀጠል ምን እንበል? አንዳንዱ «ዓለሙ ራሱ በቦምብ ከተበጣጠሰ ግጥሙም ቢበጣጠስ ተገቢ ነው» ይላል። እኔ ይህን አባባል ለመቀበል ሞክሬ ግማሹን ብቻ ተቀበልሁ። ነገር ግን ባለስትሪኒን የማከብርበት አንድ ነገር አለ፤ ሦስቱን ምንጮቹን በስማቸው ተናግሯል። አንባቢው ከፈለገ ሄዶ ሐቺያን በሙሉ ማንበብ ይችላል። ሉትስም ካፍካን ጠርቷል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው በ1961 ፈረንሳዊው ሬሞን ኬኖ ያለ ምንም መኪና፣ በመቀስ ብቻ፣ መኪናዎቹን ሁሉ የሚያሳፍር መጽሐፍ አወጣ። እያንዳንዱ 14 ስንኝ ያለው 10 ግጥም ነው፤ ስንኞቹ በየመስመሩ ተቆርጠዋልና ማንኛውም ስንኝ በሌላው ግጥም ውስጥ በዚያው ተራ ባለው ስንኝ ፋንታ ሊገባ ይችላል፤ ቤቱም አይፈርስም። አንባቢው ሊያወጣ የሚችለው ግጥም አንድ መቶ ሺህ ቢሊዮን ነው። አንዱን በአንድ ደቂቃ ሌሊትና ቀን ቢያነቡት 190 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። የኬኖ መጽሐፍ እንደሚመስለኝ አንድ ነገር አስረድቷል፤ ብዛት በራሱ ሀብት አይደለም። ማንም የማያነበው ግጥም አለ ይባላል ወይስ የለም?

በ1967 አሜሪካዊቷ አሊሰን ኖውልስ ከሙዚቀኛው ከጄምስ ቴኒ ጋር ሆና «የአቧራ ቤት» የተባለውን ሠራች። ቤቱ ከምን እንደ ተሠራ፣ የት እንዳለ፣ በምን ብርሃን እንደሚበራ፣ ማን እንደሚኖርበት የሚናገሩ አራት ዝርዝሮች ናቸው፤ መኪናው እያማረጠ ያለማቋረጥ ቤት ይሠራል። በኋላም ከግጥሙ አንዱ አንጓ ተመርጦ በእውን ተገነባ፤ በኒው ዮርክ ቆሞ ቆይቶ ወደ ካሊፎርኒያ ተወሰደ። ቤት ሳይመታ ቤት የሠራ ግጥም ከዚህ በቀር አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ማይክል ጆይስ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1987 «ከሰዓት በኋላ» የተባለውን ታሪክ ለኮምፒዩተር ጻፈ። አንድ ሰው ጧት በመንገድ ያየው የመኪና አደጋ ልጁንና የቀድሞ ሚስቱን የገደለ ይሆን እንደ ሆነ ይጠራጠራል። ታሪኩ ከ500 በላይ ቁራጮች ነው፤ አንባቢው አንዱን ቃል ሲነካ ወደ ሌላው ቁራጭ ይሻገራል፤ ስንት ጊዜ ቢያነብ መጨረሻው የት እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። በ1992 ደራሲው ሮበርት ኩቨር ስለ መጻሕፍት መጨረሻ በጋዜጣ ጻፈ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ላንዶው በጻፈው መጽሐፍ በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የደራሲውና የአንባቢው ድንበር እየጠበበ እንደሚሄድ አስተማረ። የፈረንሳዩ ሮላን ባርት በ1967 ደራሲው ሞቷል ብሎ ነበርና፣ ብዙዎች ሬሳው ተገኘ ብለው ተደሰቱ። ስቨን በርከርትስ በበኩሉ በ1994 ለሕትመት መጽሐፍ ሙሾ የሚያወርድ መጽሐፍ አወጣ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ቸኩለዋል። መጻሕፍቱ አላለቁም። አንባቢውም ደራሲ አልሆነም፤ ጆይስ ካዘጋጃቸው መንገዶች አንዱን መረጠ እንጂ መንገድ አልጠረገም። አራት በር ባለው አዳራሽ የፈለግሁትን በር ብመርጥ አዳራሹን የሠራሁት እኔ ነኝ ለማለት አልችልም። ከሐያስያኑ ሁሉ ረጋ ብሎ የመረመረው ኖርዌያዊው ኤስፐን ኦርሴት ይመስለኛል። በ1997 ባወጣው መጽሐፉ ዋናው ጥያቄ ወረቀት ወይስ ኮምፒዩተር የሚለው እንዳልሆነ አሳየ። አንባቢው ገጽ ከመግለጥ ያለፈ ሥራ የሚሠራበት ጽሑፍ አለ፤ የማይሠራበትም አለ። ዕጣ ተጥሎ የሚነበበው ጥንታዊው የቻይና የጥንቆላ መጽሐፍ፣ ብራና ሆነ ወረቀት፣ ከብዙዎቹ የኮምፒዩተር ልብ ወለዶች ይልቅ አንባቢውን ያሠራል።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። በ1992 ዊልያም ጊብሰን ስለ አባቱ የፎቶግራፍ መዝገብ የጻፈው «አግሪፓ» የተባለ ግጥም በዲስኬት ወጣ፤ አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ ዳግመኛ እንዳይነበብ ራሱን የሚያጠፋ ነበር። ፈረንጆቹ በዚህ እጅግ ተደነቁ። የቅኔ ቤት ልጅ ግን ብዙ አይደነቅም፤ ቅኔ አንድ ጊዜ ለቀረበበት በዓል ቀረበ፤ ለሚመጣው በዓል ሌላ አዲስ ይቆጠራል እንጂ ያው አይደገምም። ልዩነቱ ቅኔው ሲጠፋ በሰሚው ልብ መቅረቱ ነው። የአግሪፓን ቃል ግን ወዲያው ሰዎች ገልብጠው በየቦታው በተኑት፤ ሳይፈልግ ከሞት ተነሣ ማለት ነው።

መኖር የሚፈልጉት ደግሞ ሞቱ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ገጣሚዎች ፊደሎች የሚንቀሳቀሱባቸውን፣ ድምፅ ያላቸውን ግጥሞች ፍላሽ በተባለው መሣሪያ ሠሩ። በሴኡል የሚኖሩት ያንግ-ሄ ቻንግ ሄቪ ኢንዱስትሪስ የተባሉት ባልደረቦች ቃላትን በከበሮ ምት እያፈራረቁ የሚያሳዩት ሥራ በዚህ የታወቀ ነው። በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ኩባንያው ፍላሽን መደገፍ አቆመ፤ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮም እንዳይሠራ ዘጋው። በአንድ ሌሊት የብዙ ዓመት ግጥም ጨለመ። በጎ ፈቃደኞች አስመስሎ የሚያሠራ ሌላ መሣሪያ ፈጥረው የተወሰነውን መልሰዋል። የአባ ገሪማ ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ይነበባል። ይህ በማባዣ መኪና የሚታተመው መጽሔታችን እንኳ፣ ቀለሙ እጃችንን ቢያቆሽሽም፣ አንድ ቅጂው በአንድ ሻንጣ ውስጥ ከቀረ የልጅ ልጆቻችን ያነቡታል። ግጥም በኩባንያ ቤት ተከራይቶ ሲኖር የኪራዩ ውል ማን ዘንድ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ልጁና ወደ አርባው ስንኝ ልመለስ።

ከኅዳር 2022 ወዲህ በሁሉ እጅ የገባው አዲሱ መኪና ከስትሬቺና ከሉትስ መኪና ጋር አንድ ዘር ነው፤ ቃል ያስቀምጣል፤ የሚከተለውን ቃል በዕድል ስሌት ይመርጣል። ነገር ግን በመካከላቸው ትልቅ ገደል አለ። የሉትስ ዝርዝር 32 ቃል ነበር፤ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይታያል። በ2009 ኒክ ሞንትፎርት የታይዋንን የታሮኮ ገደል አይቶ የጻፈው የማያልቅ ግጥምም እንዲሁ ነው፤ ትእዛዙ ገሃድ ስለ ሆነ ሌሎች ቃላቱን እየለወጡ የራሳቸውን ሠርተውበታል። የአዲሱ መኪና ዝርዝር ግን ሰዎች የጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ነው፤ ተፈጭቶና ተቦክቶ ወደ ቁጥር ተለውጧል። ሐቺያን በስሙ የሚጠራ ባለስትሪኒ በዚያ የለም። ለዚህ ነው «በልባችሁ ያዙልኝ» ያልሁት። የድሮዎቹ ሰዎች የምግቡን አሠራርና እህሉ ከማን ማሳ እንደ መጣ ተናግረው ነበር ያቀረቡት፤ አሁን የቀረበልን እንጀራው ብቻ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። በተለመደው አጻጻፍ የላቲኑ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ የእኛው ሦስት ባይት ይፈልጋል። መኪናው ቃላትን ቆራርጦ ስለሚያነብ፣ የእኛ ቃል ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁራጭ ይሰባበርበታል። የተማረበትም የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ይህ የብልሃት ጉዳይ ስለ ሆነ ሊሻሻል ይችላል፤ በዚህ ብቻ አልከስሰውም።

የሚበልጠው የጆሮ ነገር ነው። «ገና» ብዬ ብጽፍ መኪናው የሚያየው ሁለት ፊደል ነው፤ ጆሮ ግን ሲላላ «እስከ አሁን»ን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይሰማል። «ይበላል» ሲላላ በሊታውን፣ ሲጠብቅ የሚበላውን ያመጣል። በዚህ በኩል ዓይን አንድ ያየውን ጆሮ ሁለት ያደርገዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በግእዝ «ሠረቀ» ሲጻፍ ወጣ፣ «ሰረቀ» ሲጻፍ ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ ለዓይን ሁለት፣ ለጆሮ አንድ ነው። ሰምና ወርቅ የሚያድረው በእነዚህ በሁለቱ ስንጥቆች ውስጥ ነው። ባለቅኔው አንዱን እያሰማ ሌላውን ያስባል፤ ሰሚውም እንዲያ እንደሚያደርግ ያውቃል። መኪናው ከተጻፉ ምሳሌዎች ለቅሞ ኅብረ ቃል ሊያስቀምጥ ይችላል፤ አይቼዋለሁ፤ አንዳንዱ ደኅና ነው። ግን ወርቁን የደበቀው ከማን ነው? የሚፈራው ሰው የለውም፤ የሚያፍረውም የለውም፤ ምሥጢሩን እንዲያገኝለት የሚመኘው ወዳጅም የለውም።

በ1953 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በኮሌጅ ቀን በዓል ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አነበበ። በዚያ ዘመን በዚያ መድረክ በደሃው አፍ መናገር ምን ማለት እንደ ሆነ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ቃላቱን ዛሬ መኪና ሊደረድራቸው ይችል ይሆናል። ያን ቀን የተነሣው ግን ቃል ብቻ አልነበረም፤ ቃሉን ይዞ የቆመ፣ ቢጠየቅ የሚመልስ፣ ቢቀጣም የሚቀጣ ሰው ነበር። ግጥምን ከሰው ጋር የሚያስረው ገመድ ይህ ይመስለኛል። ስለ ውበት አልተናገርሁም፤ ውበት ከዕጣም ሊወጣ እንደሚችል ሉትስ አሳይቶናል።

ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አልሆንሁም። በመኪና የተሠራ ሁሉ ይጣል የሚለውን ብቀበል ስትሬቺን፣ ኖውልስን፣ ሞንትፎርትን ሁሉ መጣል ነው፤ የእኔንም የቅዳሜ ማታ ቆብ ጭምር። ያማረ ሁሉ ይታተም የሚለውን ብቀበል ደግሞ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የእናት እጆች በካርቶን ይመጡልናል፤ ኬኖ እንዳስተማረን አንብበን አንጨርሰውም። ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመኪና ግጥም የሠራ ተማሪ ትእዛዙንና ዝርዝሩን ከግጥሙ ጋር ያቅርብ፤ እነሱንም አብረን እናትማቸው፤ ከግጥሙ የሚሻሉ ሊሆኑም ይችላሉ። የማንን ቃል እንደ ወሰደ የሚያውቀውን ያህል ይናገር። ከዚያ በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለየኔታ እንደሚነግር በፊታችን ቆሞ ስንኝ በስንኝ ይጠየቅ፤ «ይህን ቃል ለምን አኖርኸው?» ስንለው መልስ ካለው ግጥሙ የእሱ ነው።

ልጁን እንዲህ ጠይቀነው ነበር። በግጥሙ ውስጥ እናቲቱ ጥጥ ትፈትላለች፤ በወፍጮ ትፈጫለች፤ እጇ በእሳት ተለብልቧል። «እናትህ ይህን ሁሉ ትሠራለች?» አልሁት። ዝም አለ። ቆየና «እናቴ ጥጥ ፈትላ አታውቅም፤ የባንክ ገንዘብ ቆጣሪ ናት» አለ። አርባውን ስንኝ ከአሥር ጊዜ በላይ እንዳነበበውና እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ልብ እንዳላለው ነገረን። መኪናው ከሺህ ግጥም ያማከላትን እናት ሰጠው፤ እሱም የራሱን እናት ረስቶ ተቀበላት። ዓይኗን የጠረገችው ጓደኛችንም ያለቀሰችው ለዚያች ለሌለችው ሴት ነበር። ይህን ስነግራት ተቆጣችኝ፤ «እኔ ያለቀስሁት ለራሴ እናት ነው» አለችኝ። ይህንም መልስ እስካሁን አላሸነፍሁትም።

ባለፈው ሰኞ ልጁ ተመልሶ መጣ። በእጁ የተጻፈ ስምንት ስንኝ ይዞ ነበር። ሁለት ቦታ ቤቱ አይመታም። ብር ስትቆጥር ጣቷ ላይ ስለምታጠልቀው ላስቲክ፣ ማታ ቤት ገብታ ጨው ስትበትን ጣቶቿ አሁንም እንደሚቆጥሩ ይናገራል። ወረቀቱ እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው። ፈቃዱን ስላልሰጠኝ አላነበውም፤ ኮሚቴው ሐሙስ ሲሰበሰብ አርባውንም ስምንቱንም በጠረጴዛው ላይ አኖራቸዋለሁ።